ፊልም ነጋሪው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማረሚያ ቤቱ የመመገቢያ አዳራሽ ፊልም ይታያል። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የብረት ፍርግርግ ተገጥሞ ተቆልፎበታል። «እሱም እንደኛው ፍርደኛ ነው» ይላሉ ታራሚዎቹ። አዳራሹ የበረኪናና የተቀቀለ አትክልት ይሸታል። ፊልሞቹ በውጭ ቋንቋ ናቸው። ከተመልካቹ መካከል ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በከፊል።

ይህን ሰው አፈ ጉባኤ ይሉታል። በስሙ የሚጠራው የማታ ቆጠራ የሚያደርገው ዋርድያ ብቻ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ሰው ነው። ከመታሰሩ በፊት መንገድ በሚሠራ የውጭ ኩባንያ ውስጥ ዳምጠው ይነዳ ነበር። ቋንቋውን ያነሳው ከመሐንዲሶቹ አፍ ነው፤ ማንበብ አይችልም። ስለ ጠጠር፣ ስለ ሬንጅና ስለ እናት ስድብ ሲወራ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ስለ ፍቅርና ስለ ሕግ ሲወራ ግን ግማሹን ከራሱ ይሞላል።

የታሰረው ጎረቤቱን ገድሎ ነው። በአጥር ተጣሉ፤ እሱ አካፋ ይዞ ነበር። ሲጠየቅ «አካፋው እጄ ላይ ባይሆን ኖሮ በጥፊ ያልቅ ነበር» ይላል። ከዚህ አልፎ ሲናገር የሰማ የለም። በሌላው ነገር ሁሉ ግን አፉ አይዘጋም።

ፊልም ሲነግር አሠራር አለው። ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል፤ አንገቱን እያዞረ ፊልሙንም ሰዉንም ያያል። ዝምታ አይወድም። ተዋናዮቹን በግቢው ሰዎች ቅጽል ስም ይጠራቸዋል፤ ወፍራም ዳኛ ከመጣ የማዕድ ቤቱ ኃላፊ ነው፣ ሰላይ ከመጣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የማደሪያ ካቦ ነው። ባቡር ሲመጣ ባቡር ይሆናል። ሲሳሳሙ ብቻ አፉን ይዘጋል።

«አፈ ጉባኤ! ተርጉም እንጂ!» ይጮኻሉ ከኋላ።

«ይሄ የሁሉም አገር ቋንቋ ነው። የረሳው ካለ እጁን ያውጣ።»

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ነገር ጨምሯል። በፊት የሚተረጉመው ንግግሩን ብቻ ነበር። አሁን «በሩ ተከፈተ»፣ «ሴትየዋ ቀና አለች»፣ «ዝናብ ጀመረ» ይላል። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ተቆጡ።

«ዝናቡንማ እያየነው ነው እኮ!»

«ለእናንተ አይደለም» አላቸው።

ለአባባ ግንበኛ ነበር። አባባ ግንበኛ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው የተመረጡ ግንበኛ ነበሩ ይባላል። እዚሁ ታስረው ሳሉ ዓይናቸው በጥቂት በጥቂቱ ደክሞ በመጨረሻ ጠፋ። ቅዳሜ ሲደርስ አንዱ ክንዳቸውን ይዞ ያመጣቸውና የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ከአፈ ጉባኤ እግር ሥር ይቀመጣሉ። ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አያዞሩም። ወደ እሱ ነው የሚያዞሩት።

የአመክሮ ኮሚቴው በመጪው ሳምንት ሐሙስ ሊሰበሰብ ነበር። አመክሮ ማለት ጠባዩ ለተመሰከረለት ታራሚ ቀሪ ፍርዱ ተነስቶለት የሚወጣበት መንገድ ነው። የአፈ ጉባኤ ተራ ደርሷል። በፋይሉ ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለበት፤ እሱም በአፉ የመጣ ነው። የባንክ ዘረፋ ፊልም ሲነግር ከልክ በላይ አጣፍጦት ምክትል አዛዡ አስጠርቶት ነበር። «ሁለተኛ ሌብነት በዚህ አፍ ሲሞገስ እንዳልሰማ» ብሎታል።

ዓርብ እህቱ መጣች። መጠየቂያው በሁለት ረድፍ ሽቦ ተከፍሏል፤ ጠያቂ በወዲያ፣ ታራሚ በወዲህ፤ መሐሉ ዋርድያ ይመላለስበታል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጮኽ የማንም ምሥጢር የሁሉም ነው። እህቱ ታላቁ ናት። በሌሎች ሰዎች ቤት ልብስ አጥባ የምትኖር፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ከታሰረ ጀምሮ አንድም ዓርብ አልቀረችም።

«ሐሙስ ነው አይደል?» ጮኸች።

«ሐሙስ ነው እታለም።»

«ስማኝ። ባለቤቴ የወንድሙን ልጅ ከኋላው ክፍል ሊያስገባ ነው። ክፍሏ የወንድሜ ናት እያልኩ እስከዛሬ ይዤልሃለሁ። አሁን ግን ምላሴ አለቀ። ከወጣህ አልጋህን አነጥፍልሃለሁ፤ ካልወጣህ ግን አልችልም።»

«እወጣለሁ።»

«አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ። ዝም አይነቅዝም። እናታችንንስ የገደላት ያንተ አፍ አይደል?»

«በጉበት ነው የሞተችው።»

«ጉበቷን ማን አቃጠለው?»

አጠገቧ ቆማ ልጇን የምትጠይቅ አንዲት ሴት ዘወር አለች። «ልክ ነሽ እህቴ። የኔም ልጅ እንዲሁ ነው» አለች። ልጇ በወዲህኛው ሽቦ ሥር አንገቱን ደፋ። አፈ ጉባኤ አፉን በጣቱ ዚፕ እንደሚዘጋ ሰው አድርጎ አሳያት። እህቱ አልሳቀችም።

በማግስቱ አዲስ ፊልም መጣ። ያመጣችው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ናት። ቅን ሴት ናት፤ በግቢው ውስጥ ታራሚዎቹን «እናንተ» እያለች የምታናግር እሷ ብቻ ናት። በፊልሙ ሽፋን ላይ አንድ ሰው በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ይታያል። ማረሚያ ቤቱ የስፌት ክፍል አለው፤ የስፌት ክፍሉም ሥራ የሚማር ሰው አጥቷል። «የሙያ ፊልም ነው፤ ያነቃቃችኋል» አለች። ርዕሱን ማንም ሊያነበው አልቻለም፤ እሷም አልጠየቀች። ሙያ ነው ስለተባለ ምክትል አዛዡም መጥቶ በጎን በኩል ወንበር አስቀመጠ። ወገቡን ያመዋል፤ ሲቀመጥ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። የአመክሮ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ልብስ ሰፊው የለበሰው የእስረኛ ልብስ መሆኑ ሲታወቅ አዳራሹ አጉረመረመ። ሰውየው በእስር ቤት ውስጥ የዋርድያዎችን ኮት ይሰፋል። ይመቱታል፤ ዝም ይላል። ሚስቱ መምጣት ታቆማለች፤ ዝም ይላል። አፈ ጉባኤ አንድም ነገር ሳይጨምር ነገራቸው። የሚጨመር አልነበረውም። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሰማው።

ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሳ።

«ወደ ልብስ ማጠቢያው ገባ» አለ አፈ ጉባኤ። «ከትልቁ ቦይለር ጀርባ ሄደ። ተንበረከከ። ከካውያው ላይ የነቀላት ብረት በእጁ አለች። ግድግዳውን…»

እዚህ ላይ ቆመ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ጡብ ወለቀ።

ምክትል አዛዡ ከወንበሩ ተነሳ። ቴሌቪዥኑን አየ፤ ቀጥሎ ሰዉን አየ። ማስጠፋት ይችላል። ፊልሙን እኩሌታው ላይ አቋርጦ ሁለት መቶ ሰው ወደ ማደሪያ መመለስ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወገቡን ይዞ መልሶ ተቀመጠና አፈ ጉባኤን አየው።

«ቀጥል እንጂ» አለው። «ምን እያደረገ ነው?»

«ቧንቧ እየጠገነ ነው ጌታዬ።»

ከኋላ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። ሌላው በክርን ጎሰመው። የአፈ ጉባኤን ሐሙስ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

«ልብስ ሰፊ አልነበረም እንዴ?» አሉ አባባ ግንበኛ ከሥር።

«ሁለት ሙያ አለው አባባ።»

ልብስ ሰፊው በቀዳዳው ገባ። በደረቱ እየተሳበ በጠባብ መተላለፊያ ሄደ። «ቧንቧው ረጅም ነው» አለ አፈ ጉባኤ። አይጥ በፊቱ አለፈ። «ሠራተኛ ሁለት ሆነ።» አዳራሹ ፈነዳ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቀልታ መሬት መሬት ታያለች። በፊልሙ ውስጥ ሳይረን ጮኸ።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ አባባ ግንበኛ።

«የምሳ ደወል ነው።»

«ውሾቹስ?»

«እነሱም ለምሳ ነው።»

ምክትል አዛዡ ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ። ሰው እያለቀሰ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ አግዳሚው ላይ የተጋደመም ነበር። ልብስ ሰፊው በባቡር ጣቢያ የከሰል መጋዘን ውስጥ ብቅ አለ። ፊቱ ጠቁሯል። ከሰል ተሸካሚዎቹም ፊታቸው ጠቁሯል። ጆንያ አነሳና ከእነሱ ጋር ተሰልፎ በበሩ ወጣ፤ ዋርድያዎቹ በአጠገቡ እየሮጡ አለፉ። «ሥራውን ጨርሶ ወደ ማደሪያው ተመለሰ» አለ አፈ ጉባኤ። «አለቀ።»

አጨበጨቡለት። አባባ ግንበኛ አላጨበጨቡም። ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ሳይጠብቁ አግዳሚውን እየዳበሱ ወጡ።

እሑድ አላናገሩትም። ሰኞም እንዲሁ። ሰኞ ከሰዓት ወሬ መጣ፤ የታመሙና ያረጁ ታራሚዎች ክሊኒክ ወዳለው ሌላ ማረሚያ ቤት ሊዛወሩ ነው፤ መኪናው ረቡዕ ጠዋት ይመጣል። አባባ ግንበኛ አሉበት።

ማክሰኞ ጠዋት አፈ ጉባኤ ግቢው መሐል ከሚገኘው የውሃ ቧንቧ ዘንድ አገኛቸው። ጄሪካናቸውን በእግራቸው መሐል ይዘው የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ውሃው ስለሚንጠባጠብ ተራው ረጅም ነው።

«ደህና አደሩ አባባ?»

«ማነው? ቧንቧ ሠራተኛው?»

«ምን ላድርግ? ኮሚቴው ሐሙስ ነው። ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።»

«ዝም አትልም ነበር?»

«ዝም ስል እኮ ነው ምን እያደረገ ነው ብሎ የጠየቀኝ።»

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ያመኑት ግን አይመስሉም። «ሁሉም ይስቃል። ሁሉም ያያል። እኔን ብቻ ነው የሸወድከው» አሉ። «ዓይኔ ነው የጠፋው፤ ጆሮዬ አልጠፋም። ምሳ ብሎ የሚጮኽ ውሻ አላውቅም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታው ምን ያደርግልኛል? እኔ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ባንተ አፍ ያየሁት ነው። አሁን አንድ በአንድ እያነሳሁ እጠራጠራለሁ። ያቺ ባሏ ከባሕር ተመለሰላት ያልከኝ ሴትዮ፣ እውነት ተመልሶላታል? ወይስ እሷም ቧንቧ ስትጠግን ነው የኖረችው?»

«ተመልሶላታል አባባ። በእናቴ።»

«ምኑን አውቄ።»

አፈ ጉባኤ ዙሪያውን አየ። አስር አለቃ የሆነው ዋርድያ ከማደሪያው ጥግ ቆሞ በስንጥር ጥርሱን ይጎረጉራል። «ዓርብ ሁሉንም እነግርዎታለሁ» አለ፤ ወዲያው ረቡዕ ትዝ አለው።

«ዓርብ እኔ የት፣ አንተ የት» አሉ ሽማግሌው።

ከጎናቸው ተቀመጠ። በሹክሹክታ ጀመረ፤ ከቦይለሩ ጀርባ፣ ከካውያው ብረት፣ ከመጀመሪያው ጡብ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ሹክሹክታ ግን የእሱ ሙያ አይደለም። ልብስ ሰፊው ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ። ሳይረኑ ሲጮኽ እጁም መናገር ጀመረ። ውሃ ሊቀዱ የቆሙት ጄሪካናቸውን ይዘው ቀረብ አሉ፤ ሁሉም ያዩት ፊልም ነው፤ ቢሆንም የአፈ ጉባኤን አልሰሙትም። ባቡሩ ጣቢያ ሲደርስ ተነስቶ ቆመና ባቡር ሆነ። ውሃው ከጄሪካኑ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የሚዘጋው አልነበረም።

«ፊቱ ከሰል ነው!» አለ አፈ ጉባኤ። «የሁሉም ፊት ከሰል ነው! ዋርድያው በአጠገቡ ይሮጣል፤ ትከሻ ለትከሻ! የቱ እስረኛ፣ የቱ ተሸካሚ፣ ማን ይለየው? ጆንያውን እንዳነሳ በበሩ ወጣ። መንገዱን ተሻገረ። ጆንያውን አስቀመጠ። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ አየ፤ ሄደ።»

 ሽማግሌው አገጫቸውን አከኩ።

«ከውስጥ የወጣውን ፍርስራሽ የት አደረገው?»

«እ?»

«ግድግዳ ሲቆፈር ፍርስራሽ አለው። የት ከተተው?»

«ፊልሙ አላሳየንም።»

«አየህ!» አሉ። «ድምፁስ? ጡብ በብረት ሲፋቅ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። ማንም አልሰማም? ይሄ ውሸት ነው ልጄ። እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«እንዳየሁት ነው የነገርኩዎት።»

«አንተማ እንዳየኸው ነው፤ እነሱ ናቸው የዋሹህ። እንዲያውም የቧንቧው ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ፈለጉና መታ መታ አደረጉት። «ይሁን። ባሏ መመለሱን ግን አምኜሃለሁ።»

አስር አለቃው ከሰዉ ኋላ ቆሞ ነበር። ከየት ጀምሮ እንደሰማ ማንም አላወቀም። ስንጥሩን ከጥርሱ አወጣ።

«አለቀ?» አለ።

«አለቀ አስር አለቃ።»

«እንግዲያው ና እንሂድ።»

ረቡዕ መኪናው መጣ። አፈ ጉባኤ ለብቻው ተዘግቶበት ስለነበር አላየውም። ሐሙስ ከኮሚቴው ፊት አቀረቡት። ምክትል አዛዡ ጀርባው ላይ ትራስ አድርጎ ተቀምጧል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ከጎኑ አለች፤ ስክሪብቶዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ቅዳሜ ጥሩ አድርገህ ነበር» አለ ምክትል አዛዡ። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረውም። «ሰው ያየውን ማንም ከዓይኑ አያወጣለትም። አንተ ግን ሳትናገረው አለፍክ። ይሄ ሰው ገብቶታል ብዬ ነበር። በሐቅ እነግርሃለሁ፣ ልፈርምልህ ነበር።»

«አመሰግናለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ማክሰኞ ምን ነካህ?»

«ሽማግሌው ሊሄዱ ሆነብኝ።»

«ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ሄዱ እንጂ ወደ መቃብር አልሄዱ።»

«እዚያ የሚነግራቸው የለም ጌታዬ።»

ምክትል አዛዡ ዓይኑን በሁለት ጣቱ አሸ። «በማረሚያ ቤት ግቢ፣ ታራሚ ሰብስበህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዴት እንደሚመለጥ አስተማርክ። ለበላይ የሚጻፈው ይሄ ነው። እንዴት ብዬ ልፈርም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ። «ፊልሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ስፌት መስሎኝ…»

«እሱን አልፈነዋል» አለ ምክትል አዛዡ። ወደ አፈ ጉባኤ ተመለሰ። «ለሚመጣው ዓመት ትቀርባለህ። የቅዳሜውም ይቅርብህ። ሂድ።»

ዓርብ እህቱ ከሽቦው ወዲያ ቆማ ፊቱን አየች። መጠየቅ አላስፈለጋትም። በእጇ የያዘችው አዲስ ሸሚዝ ነበር፤ ለመውጫው ብላ ያመጣችው። መልሳ በፌስታሉ ከተተችው።

«ምን ተናገርክ?»

«ፊልም።»

«ምን?»

«ፊልም ነው! ለአንድ ሽማግሌ ፊልም ነገርኩ!»

በመጠየቂያው ያለው ሰው ግማሹ ዝም ብሎ ሰማቸው። ያቺ ልጇን የምትጠይቅ ሴት ዘወር ብላ አየችው። «ለፊልም?» አለች።

እህቱ ግንባሯን ሽቦው ላይ አሳረፈች። ዋርድያው በመሐል ሲያልፍ ቀና አለች።

«ክፍሏ ውስጥ ሰኞ ይገባል። የወንድሙ ልጅ።»

«እሺ።»

«አልጋህን ለእሱ ነው የማነጥፈው።»

«እሺ እታለም።»

«እሺ አትበለኝ። ተጣላኝ። አንተ የምትታወቀው በመናገር አይደል? አሁን ምነው አፍህ ጠፋ?»

የሚላት ነገር ፈለገ። ለሁለት መቶ ሰው ሳያስብ የሚወጣለት ቃል ለአንዲት ሴት እምቢ አለው።

«ሽማግሌውስ ምን አሉ?» አለች በመጨረሻ።

«ፊልሙ ውሸት ነው አሉ።»

አየችው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ እየሳቀች ነው። ድምፅ የሌለው፣ የደከመ ሳቅ ነው። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ፌስታሉን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች።

«ሸሚዙን እመልሰዋለሁ» አለች። «ካልሲ ይሻልሃል፤ ብርዱ መጥቷል።»

«ካልሲ አለኝ።»

«ቀዳዳ ነው፤ ያለፈው ዓርብ አይቼዋለሁ።» ደወል ተደወለ። ጠያቂዎቹ ወደ በሩ መገፋፋት ጀመሩ። «ደግሞ ከእንግዲህ በየሳምንቱ አልችልም። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የምመጣው።»

«አውቃለሁ፤ ደክሞሻል።»

«አታውቅም» አለችው። «ግን ይሁን።»